ጫማው ሲያስቸግር፦ ጄል እንግዛ ወይስ በፎርማ እናስፋው?

አዲስ ጫማ የገዛ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ጫማው ያምራል፤ ግን እግሬን ጨረሰኝ። ጫማ ውስጥ ከሚነጠፈው ለስላሳ ጄል የትኛውን ልግዛ?» መልሴም ሁልጊዜ ያው ነው፦ ጄሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጫማውን በፎርማ፣ ማለትም ውስጡ ገብቶ በሚወጥረው የእግር ቅርጽ፣ አስፉት።

ጫማ እግርን የሚጎዳው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሲጠብ ነው። ጎንና ጎኑን ይጫናል፣ ትንሿን ጣት ይልጣል፣ አውራ ጣት ሥር ያለውን አጥንት ያቃጥላል። ሌላው ከሥር ሲደርቅ ነው። ትንሽ እንደቆማችሁ ውስጥ እግር ይነድዳል። ጄል የሚያግዘው ለሁለተኛው ብቻ ነው። በጠበበ ጫማ ላይ ጄል ሲጨመር ያለችውም ትንሽ ቦታ ትሄዳለች። እግር ከፍ ስለሚል የጫማው ክዳን ከላይ ይጫነዋል። ተረከዝም ከመያዣው ወጣ ይልና ከኋላ መላጥ ይጀምራል። ሰው ግን ለሁሉም ጄል ይገዛል፤ በየመደርደሪያው ቀድሞ የሚታየው እሱ ነውና።

የጠበበ መሆኑን ለማወቅ ብር አይወጣም። ማታ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ቁሙና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ጫማውን ሥዕሉ ላይ አስቀምጡት። መስመሩ በጎን በኩል ከጫማው ካለፈ፣ የትኛውም ንጣፍ አያድነውም።

አሁን ወደ ዋጋው። የጄል ንጣፍ ርካሽ የሚመስለው አንዱን ብቻ ስታዩት ነው። ሦስት ወር የሚቆይ ከሆነ በዓመት አራት ጊዜ ትገዙታላችሁ። ስለዚህ ዓመት ከሚቆየው ንጣፍ ጋር ስታስተያዩት ዋጋው ከሩብ በታች ካልሆነ፣ ርካሽ የተባለው እሱ ነው ውዱ። ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በአንድ ማሸጊያ የሚሸጡትንም ለየብቻ አካፍላችሁ አስሉ። ጫማ ሰፊ ጋር ማስፋት ግን አንዴ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ እግራችሁ በየቀኑ ስለሚገባበት ቆዳው ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል።

አስመስሎ የተሠራው ጄል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ የገዛሁት ጄል ላዩ ላይ የለበሰው ጨርቅ ከጫፉ ተላጠና ጣቶቼ ሥር ተጠቀለለ። ጄሉም በሙቀት ሟሙቶ ከጫማው ገበር ጋር ተጣበቀ። ስስበው ገበሩን ይዞት መጣ። ገበሩን ለማስቀየር የከፈልኩት ከንጣፉ ዋጋ በላይ ነበር። ጥሩ ጄል እንኳ ላብ አይመጥጥም፤ ረጅም መንገድ ስትሄዱ እግር ውስጡ ይንሸራተታል።

«ሜሞሪ ፎም» ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ ንጣፍ በአውራ ጣት ተጫኑትና ልቀቁት። እውነተኛው ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ ተራ ስፖንጅ ነው፤ የስፖንጅ ዋጋ ብቻ ክፈሉበት። እውነተኛውም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ተደፍጥጦ መቅረቱ አይቀርም። ጫማው በቂ ቦታ ኖሮት ሥሩ ብቻ ከደረቀ፣ እኔ ቆዳ የለበሰ የቡሽ ንጣፍ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ጠንከር ይላል፤ ቀስ በቀስ ግን የእግራችሁን ቅርጽ ይይዛል፣ ላብም ይመጥጣል። ከጫማው ጋር የመጣውን ንጣፍ አውጥታችሁ በቦታው አስገቡት፤ አንዱን በሌላው ላይ አትደርቡ።

ማስፋቱ እንዲህ ነው። ጫማ ሰፊው ቆዳውን በማለስለሻ ያርሰዋል፣ ለሁለት የሚከፈት ፎርማ ያስገባል፣ ብሎኑን ጠበቅ አድርጎ ያሳድረዋል። የሚያመውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ስጡት፤ በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ጉብታ ገጥሞ ሊገፋላችሁ ይችላል። ዋጋውን አስቀድማችሁ ለጥንዱ ተነጋገሩ። አንደኛው እግር ብቻ ከሆነ የሚጠበው፣ የአንዱን ብቻ ክፈሉ።

ብዙ ጫማ ያለው ቤተሰብ ፎርማውን ራሱ ቢገዛ ያዋጣዋል። እዚህም ላይ ዋጋውን አጥብቃችሁ እዩ፤ ርካሽ ሆኖ የተለጠፈው ብዙ ጊዜ የአንድ ፍሬ ነው እንጂ የጥንድ አይደለም። የፕላስቲኩን አልመክርም። ትንሽ ስታጠብቁት ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ ብሎኑ በባዶው ይዞራል። እንጨት ሆኖ ብሎኑ ብረት የሆነውን ፈልጉ። ለባለ ታኮ ጫማ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ጎበጥ ያለ ቅርጽ አለው። ስታጠብቁም ቀስ እያላችሁ ይሁን፤ በአንዴ የተወጠረ ስፌት ይበጠሳል።

በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ነጻ ነው ይባላል። ነጻ የሚሆነው ማስቲሹ እስኪለቅ ድረስ ነው፤ ሶል ሲገነጠል የማስለጠፊያው ወጪ ይመጣል። ወፍራም ካልሲ አድርጎ ቤት ውስጥ መንጎራደድ ግን እውነትም ነጻ ነው፣ ለትንሽ ጥበት ይበቃል። የሚጫናችሁ ከላይ ከሆነ ደግሞ የማሰሪያውን ክር ፍቱና የሚያመው ቦታ ላይ ያለውን ቀዳዳ ዝለሉት። ይህም ምንም አያስከፍልም።

ማስፋት የሚሠራው ለእውነተኛ ቆዳ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ፤ ቆዳ ከሆነ ጭረት ጭረት ያለው ክር መሳይ ነገር ይታያል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ፕላስቲኩ ቢወጠርም ይመለሳል፣ ወይም ይሰነጠቃል። ለሱ የማስፊያ ገንዘብ አታውጡ። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ጠባብ ጫማ «ይለመዳል» ብሎ አይልበስ። ቁስሉ ሳይሰማው ሊብስበት ስለሚችል፣ ከጫማ ሰፊ በፊት ሐኪም ያማክር።

ቁመቱ ያጠረ ጫማ ደግሞ በማንም እጅ ያን ያህል አይረዝምም። ፎርማ በዋናነት በስፋት ነው የሚሠራው። ጣታችሁ ፊቱን እየነካ ከሆነ ደረሰኙን ያዙና ሶሉ ሳይቆሽሽ ሄዳችሁ በትልቁ ቁጥር ቀይሩት።