«ተጨማሪ የካምቢዮ ፊልትሮ እንግጠምልህ» ሲሏችሁ የዘይት ጎማው ሳይቆረጥ ይቺን አንብቡ

ኦቶማቲክ መኪና የምትነዱ፣ ዘይት ልትቀይሩ ጋራዥ ስትገቡ አንድ ነገር ሊሸጡላችሁ ይችላሉ። «ተጨማሪ የካምቢዮ ፊልትሮ» ይሉታል። በካምቢዮውና ዘይቱን በሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መሃል ያለው የዘይት ጎማ ይቆረጥና እዚያ ላይ ይገባል። ወሬው ያምራል። ዘይቱ ሁሌ ንጹህ ነው፣ የካምቢዮው መንሸራተት (ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ማለቷ) ይጠፋል፣ ኮፓ (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ማስፈታት ቀረ ይሏችኋል።

ለጎረቤቴ ያሪስ የተገጠመላትን በዓይኔ አይቻለሁ። ኮፈኑን ስንከፍት ራዲያተሩ ሥር ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ የተጣጠፈ ቢጫ ወረቀት። ይሄ እኮ የትኛውም መለዋወጫ ሱቅ በርካሽ የሚገኝ የቤንዚን ፊልትሮ ነው! እሷ የከፈለችው ግን ከዘይቱ ዋጋ በላይ ነው። ጎማውም የቤንዚን ጎማ ነው፣ ጎማውን የሚያጠብቀው ፋሸታ ሥር ቀዩ የካምቢዮ ዘይት ላብ ላብ ብሎ ጠብ ማለት ጀምሯል።

ምን ችግር አለው የምትሉ ካላችሁ፣ የካምቢዮ ዘይት 80 እና 90 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው፣ መኪና ሞልታችሁ እንጦጦን ስትወጡማ ከዚያም ያልፋል። ያ ፕላስቲክና ያ ጎማ ለዚህ አልተሠሩም። ሌላው ደግሞ ትክክለኛው ፊልትሮ ውስጥ ማለፊያ ቫልቭ አለ፣ ወረቀቱ ሲደፈን ዘይቱ በዚያ በኩል ያልፋል። የቤንዚኑ ይሄ የለውም። ስለዚህ ሲደፈን ዘይቱ ወደ ራዲያተር መዞሩን ያቆማል፣ ካምቢዮው ይግላል፣ በብዙ ካምቢዮዎች ደግሞ ከራዲያተር ተመልሶ የሚመጣው ዘይት ራሱ ነው የውስጡን ብረቶች የሚያለሰልሰው፣ እሱም አብሮ ይቀራል። ጎማው ከሾለከማ አታውሩኝ። ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ፓምፑ ይገፋል፣ ዘይቱ አስፋልት ላይ ያልቃል፣ እናንተ የምታውቁት መኪናዋ አልሄድም ስትል ነው።

እቃውን ከነጭራሹ እየነቀፍኩ አይደለም። እውነተኛው አለ። በብረት ቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ ማግኔት አለው፣ ላዩ ላይ የዘይቱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለው። አንዳንድ ሆንዳዎች መሰሉን ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ። በተለይ ካምቢዮ ተፈትቶ ከታደሰ በኋላ ራዲያተር ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ ተመልሶ አዲሱን ሥራ እንዳይበላው ጥሩ ነው፣ ከራዲያተር ወደ ካምቢዮ በሚመለሰው መስመር ላይ ከገባ ማለት ነው። የሚንሸራተት ካምቢዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ (ውስጡ እየተያያዘ ኃይል የሚያስተላልፈው ዲስክ) ያለቀ ነው፣ ፊልትሮ ያለቀ ፍሪሲዮን አይመልስም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

የቪትዝ ባለቤቶች ደግሞ እዚህ ጋ ንቁ። ከ2005 ወዲህ ከጃፓን ከመጡት ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ) ናቸው፣ ዘይታቸውም የራሳቸው ነው። ጎማ ሲቆረጥ የፈሰሰውን ለመሙላት ያገኙትን የተራ ኦቶማቲክ ቀይ ዘይት የሚጨምሩ አሉ። እንዳታስጨምሩ።

እና «እንግጠምልህ» ሲሏችሁ መጀመሪያ እቃውን አምጣና አሳየኝ በሉ። መርፌ ወይ ትንሽ ብሎን አስጠጉበት፣ ማግኔት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይስባል። በየትኛው መስመር ነው የምታስገባው ብላችሁ ጠይቁ፣ «ለውጥ የለውም» ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ጎማው ላይ ለካምቢዮ ዘይት መሆኑ ተጽፎ ካላያችሁ አይቆረጥ። የብረቱን ቱቦ ልቁረጥ ካላችሁ ደግሞ የቱቦው ጫፍ ሰፋ ተደርጎ ካልተነፋ ጎማው ከጊዜ በኋላ ሾልኮ ይወጣል፣ ፋሸታው ቢጠብቅም።

በዚያው ብር ኮፓው ይፈታ። አብዛኛው ቶዮታ የራሱ ፊልትሮ እዚያው ውስጥ አለው፣ ኮፓው ላይም ማግኔቶች አሉ፣ የብረት ጭቃ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። እነሱ ይጠረጉ፣ ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየር፣ በመኪናዋ መመሪያ የተጻፈው ዘይት ይግባ። ሻጮቹ ይህን የማይወዱት ሥራው ስለሚበዛባቸው ነው መሰለኝ።

ቀድሞ የተገጠመላችሁ ካላችሁ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቱና እዩ። ወረቀት የሚታይበት ፕላስቲክ ከሆነ ሩቅ መንገድ ሳትወጡ አስነቅሉት፣ በምትኩም አዲስ ሙሉ የካምቢዮ ዘይት ጎማ ይግባ፣ ከዚያም በመኪናዋ መመሪያ እንደተጻፈው የዘይቱ ልክ ይታይ።