ያልተነሳ ጥሪ ይቀበላል ተብሎ የተሸጠልኝ ማሽን፦ የቢሮ ስልክ የምታስገቡ ሁሉ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከሱቁ ወጥቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ፣ ንዴቴም ሳይበርድልኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የእህል ንግድ ቢሮ አለኝ፤ ከደጀንና ከቢቸና ዙሪያ የምሰበስበውን ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላሉ ነጋዴዎች እልካለሁ። ከደንበኞቼ ጋር የምገናኘው በስልክ ነው፤ በገበያ ቀን ግን ሁላችንም ሚዛኑ ላይ ስለምንውል በ058 የሚጀምረው የቢሮ ስልካችን ጮኾ ጮኾ ዝም ይላል።

የቢሮ ስልክና ካሜራ እንገጥማለን የሚሉትን ሰዎች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ቦርሳ አንግተው ይመጣሉ፣ ላፕቶፕ ይከፍታሉ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አስደውለው ካሳዩ በኋላ ቀብድ ይቀበላሉ። የእኔ ሻጭ የቢሮውን ስልኮች የሚያገናኘውንና አራት የውስጥ መስመር ያለውን አሮጌ ማዞሪያዬን ሳይነካ ከጎኑ የድምፅ መልዕክት የሚቀበል ሌላ ማሽን እንደሚገጥምልኝ ነገረኝ፤ ማንኛውም ጥሪ 20 ሰከንድ ጠርቶ ካልተነሳ ማዞሪያው ወደዚህ ማሽን እንደሚያስተላልፈው፣ ደዋዩም በፈለገው ሰው ሳጥን፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ባለው የዚያ ሰው የመልዕክት ማስቀመጫ ውስጥ መልዕክቱን እንደሚተው በሚገባ አስረዳኝ። «እርስዎ ሚዛን ላይ ይዋሉ፤ ማታ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ» ሲለኝ ልቤ አረፈ። ሙከራውንም ከጠረጴዛዬ ላይ የማሽኑን ቁጥር ራሱ ደውሎ፣ የሳጥኑንም ቁጥር ራሱ አስገብቶ፣ ድምፄን ቀርጾ መልሶ አሰማኝ። ያ ያልተነሳ ጥሪ እንዳልነበረ ያን ጊዜ አልታየኝም። 64,000 ብር ከፈልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም መልዕክት አልገባም። ገበያው ቀዝቅዞ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን የቆየ ደንበኛዬ ከእህል በረንዳ በሞባይሌ ደወለና «እህቴ፣ ቢሮ ስደውል በእንግሊዝኛ የምስጢር ቁጥር የምትጠይቀኝ ሴት ማን ናት?» አለኝ። አራት ጊዜ ደውሎ ኖሯል፤ 120 ኩንታሉንም ከሌላ ሰው ገዝቷል። ስልኩን እንደዘጋሁ በራሴ ሞባይል ወደ ቢሮዬ ደውዬ ማንም እንዳያነሳ አደረግሁ፤ እውነትም የሳጥን ቁጥርና የምስጢር ቁጥር የምትጠይቅ ሴት መጣች። ሌላ ነገር የለም።

ዛሬ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሱቃቸው ሄድኩ። ማሽኑን የገጠመው ልጅ ነገሩን ሳይደብቅ አስረዳኝ፦ ማዞሪያዬ ጥሪውን ሲያስተላልፍ የማን ስልክ ሳይነሳ እንደቀረ ለማሽኑ አይነግረውም፤ ስለዚህ ማሽኑ የሳጥኑ ባለቤት መልዕክቱን ሊያዳምጥ የደወለ ይመስለውና የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ገባኝ፤ ለመረዳት የሚከብድም ነገር አልነበረውም። «ይህንን መቼ አወቃችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ልጁ ወደ ሻጩ ዞር አለ። ሻጩም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ያን ጊዜም እናውቃለን፤ የአንቺ ማዞሪያ አሮጌ ነው» አለኝ።

«አንቺ» አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ብሬን እስኪቀበል ድረስ ከአፉ «እርስዎ» አይጠፋም ነበር። ታዲያ እያወቃችሁ ለምን ሸጣችሁልኝ ስለው፣ «መልዕክት ይቀበላል ወይ አልሽ፣ ይቀበላል አልንሽ» ብሎ መለሰልኝ፤ ቀጥሎም «እናቴ፣ ይህ ቴክኖሎጂ ነው፤ ልጅሽን ላኪና ለእሱ እናስረዳዋለን» አለ። ከኋላው ቆማ የነበረችው ሠራተኛ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እንዲስተካከል ከፈለግሁ የእነሱን አዲስ ማዞሪያ በ90,000 ብር መግዛት እንዳለብኝ፣ የተከፈተ ዕቃም እንደማይመለስ ነገሩኝ። ደረሰኙን አውጥቼ ሳየው «የስልክ ዕቃ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

እኔ ጤፍ ስገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቼ ከፍዬ አላውቅም። ከመሃልም ከታችም አስወጥቼ በመዳፌ ላይ ዘርግቼ አፈርና ጠጠር እንዳለበት ሳላይ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ገበሬው አባቴን የሚያክል ሰው ቢሆን እንኳ ይቅርታ ጠይቄ አየዋለሁ። ለዚህ ማሽን ግን ከጆንያው አፍ የታየኝን አምኜ ከፈልኩ። ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ የምታስገቡ ከሆነ ገንዘቡን ከመጨረሳችሁ በፊት ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ ከውጭ በሞባይል ደውሉ፤ ስልኩ ሳይነሳ ይጥራ፤ መልዕክት ተዉና በትክክለኛው ሰው ሳጥን መግባቱን በየጠረጴዛው አረጋግጡ። ከነበራችሁ ማዞሪያ ጋር እንደሚሠራም ደረሰኙ ላይ ይጽፉ ዘንድ ግድ በሏቸው።

ወደ ቢሮ እንደተመለስኩ ጥሪ ማስተላለፉን አስጠፍቻለሁ። ስልኩ እንደ ድሮው ጮኾ ዝም ይላል። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ደውለው ያችን ሴት ሰምተው የዘጉት እነማን እንደሆኑ ግን ማሽኑም ማዞሪያውም አልመዘገቡልኝም፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በደብተሬ ላይ ስማቸው ላሉ ደንበኞች በየተራ እየደወልኩ ልጠይቅ ነው።