በእጄ የሠራኋቸው የአምፕሊፋየር ገመዶች፦ ከ9 ወር በኋላ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው ሙዚቃ ማጫወቻዬ ከመስከረም ጀምሮ መብራት የሚያገኘው እኔው በሠራኋቸው 3 ገመዶች ነው። አንዱ ለአምፕሊፋየሩ፣ አንዱ ለሰብዉፈሩ (ለወፍራሙ ድምፅ ስፒከር)፣ አንዱ ለኮምፒውተሩ። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝን ልመልስ፦ ድምፁ ተለወጠ ወይ? አልተለወጠም።

እኔ ግን ይለወጣል ብዬ ነበር የገባሁበት። የመጀመሪያው ምሽት ላይማ ክራሩ ጠራልኝ ብዬ ማልኩ። በማግስቱ ልጄ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና አሮጌውንና አዲሱን ገመድ እየቀያየረች 10 ጊዜ አስገመተችኝ። 5 አገኘሁ። ሳንቲም ወርውሬ ብገምትም ያው ነው።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ግልጽ ሆነ። አምፕሊፋየሬ 2 አምፔር ቢስብ እንኳ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ላይ የሚጠፋው ቮልት 0.1 አይሞላም። የቤቴ መብራት ግን በአንድ ምሽት ከ195 እስከ 228 ሲዋዥቅ በመልቲሜትር አይቻለሁ። ለእሱ መድኃኒቱ ስታብላይዘር እንጂ ገመድ አይደለም።

ገመዱን የገዛሁት መርካቶ ነው። ባለ3 ሽቦ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለስላሳው። ሻጩ «ንጹህ መዳብ ነው ወንድሜ» አለኝ። ቁራጭ ለምኜ አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ፋቅ ሳደርጋት ከሥር ነጭ ብቅ አለ። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም! ሰውየው ሳቀና ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ጥቅል አወጣ። ይሄኛው እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ ሲያነሱትም ይከብዳል።

እውነተኛ ለውጥ ያየሁት አንድ ቦታ ነው። ድሮ ዘፈን ሲያልቅ ከስፒከሩ እዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አምፕሊፋየሩ ከአንዱ ግድግዳ፣ ኮምፒውተሩ ከሌላው ግድግዳ ይሰኩ ስለነበር፣ በሁለቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መካከል ኤሌክትሪክ ዙሪያውን የሚዞርበት መንገድ ተፈጥሮ ኖሯል። አሁን ገመዶቹን በልክ ስለቆረጥኳቸው ሦስቱም አንድ ማከፋፈያ ላይ ይደርሳሉ። እዝዝታው ጠፋ። ምስጋናው ለመዳቡ ሳይሆን ለአሰካኩ ነው። «ቢጫ አረንጓዴዋን የኧርዝ ሽቦ ቆርጠህ ጣላት፣ ዝም ይላል» የሚሉ አሉ። እንዳትሰሟቸው። ፌዝ (መብራት ያለበት ሽቦ) የአምፕሊፋየሩን ቆርቆሮ የነካ ቀን የምታተርፋችሁ እሷ ናት።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በ5ኛው ወር አካባቢ ሳሎኑ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። የአምፕሊፋየሩን ስፒና ስነካው ሞቋል። ነቅዬ ስከፍተው የሰማያዊዋ ሽቦ ጫፍ ጠቁሯል፣ ብሎኗም በጣት ትዞራለች። ጠንካራ ይሆናል ብዬ የሽቦዎቹን ጫፍ በመበየጃ እርሳስ ለብጬ ነበር ያሰርኳቸው። እርሳስ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ብሎን ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ የላላ ነገር ይሞቃል። ሦስቱንም ቆርጬ እንደ አዲስ ሠራሁ። በዚህኛው ዙር ጫፋቸው ላይ ትንንሽ የብረት ቱቦ አጥልቄ በፒንሳ ጨፈለቅኩ። የኧርዟን ሽቦም ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝሜ ተውኳት፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የምትነቀለው እሷ እንድትሆን። ከዚያ ወዲህ ችግር የለም፤ በየወሩ ግን ነቅዬ ብሎኖቹን በካቻቢቴ እሞክራለሁ።

ባለፈው ሳምንት የታችኛው ፎቅ እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው ገመዶቹን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ለምጣዴም እንዲህ ያለ ሥራልኝ እስቲ።»

«እማማ፣ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የዚህ የጫፉ መሰኪያ የሚችለው 10 ነው፤ ይነድብዎታል።»

ዝም ብለው ገመዱን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ የለፋኸው ለዘፈን ነው?»