መሪው ጎበዝ፣ አጃቢው ግን...

የቡድን የብስክሌት ጉዞ አዘጋጅ የሚመዘነው በከባድ ቀን ነው። ሜዳ ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው።

እኔ የተጓዝኩበት ዕለት መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ንፋሱ ደግሞ ፊት ለፊት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ ንፋስ ሲጨመርበት አስቡት። መሪያችን በአንድ ረድፍ አስኬደን። ፊት ያለው ንፋሱን ይጋፈጣል፣ ሲደክመው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቀጣዩ ይተካዋል። የዛሉትን ፊት አላስወጣም። ይቺን ወድጄለታለሁ።

አጃቢ መኪናው ግን አናደደኝ። ከኋላችን መሆን ሲገባው ቀድሞን ማረፊያው ጋ ቆሟል! መለዋወጫው ሁሉ ያለው እሱ ጋ ነው። አንዷ ተጓዥ ዳገት ላይ ካቴናዋ ተበጠሰ። ስልክ ቢደወል ሾፌሩ አያነሳም። ደግነቱ ከመሃላችን አንዱ የካቴና መፍቻ ይዞ ነበር። የተበላሸውን አውጥቶ የቀረውን ገጣጠመው። ካቴናው ስላጠረ ትልቁን የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋር እንዳትጠቀም አስጠነቀቃት። ይህን ማለት የነበረበት የድርጅቱ መካኒክ ነው፤ እሱ ግን መኪናው ውስጥ ነው።

ለመሪው 5 ከ5፣ ለአጃቢው 1። መኪናው ከመጨረሻው ተጓዥ ኋላ እንደሚሄድ በጽሑፍ ካረጋገጡልኝ፣ ደግሜ እሄዳለሁ።