ማኪያቶ 3 ኮከብ፣ ቴሌቪዥን 5 ኮከብ፦ የፒያሳዋ ካፌ

ስሟን አልጠራም፣ ባለቤቱ ወዳጄ ነው ይቀየመኛል። ግን ከፋሲል ግቢ ወጥታችሁ ወደ ፒያሳ ስትመጡ ቴሌቪዥኑ እስከ አስፋልቱ የሚጮኸው ቤት ካልኳችሁ የጎንደር ልጆች ታውቋታላችሁ።

ማኪያቶው 50 ብር ነው፣ ወተቱ አንዳንዴ ይቃጠላል። ጠዋት የምትወጣዋ ፍርፍር አሪፍ ናት። ሽንት ቤቱን ተዉት። እኔ እዛ የምሄደው ለዜናው ነው፣ ሰውዬው ዲሽም አለው ዋይፋይም አስገብቷል፣ የአሜሪካኖቹን የዜና ጣቢያዎች ሲኤንኤንን ከዲሹ፣ የትራምፕ ደጋፊዎች የሚወዱትን ፎክስን ደሞ ከዩቲዩብ በስልኩ አውጥቶ ቲቪው ላይ ይለቀዋል። ሞባይል ዳታ ጠፍቶ በነበረ ጊዜማ ግማሽ ጎንደር እዚህ ነበር (እሺ ትንሽ አጋንኛለሁ)።

የማልረሳት ቀን ጥቅምት 27 2017 ናት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ረቡዕም ስለነበር በያይነቱ አዘን ቁጭ ብለናል። 7 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል የአሜሪካን ምርጫ ትራምፕ አሸነፈ ብሎ አሶሼትድ ፕሬስ አወጀ። ከጎኔ ያሉ አንድ ጋሼ "ምርጫ ቦርዳቸው ነው እንዲህ ያለው?" አሉኝ፣ አይ ጋሼ ዜና ወኪል ነው ስላቸው "ታዲያ እዛ አገር የሚያነግሠው ጋዜጠኛ ነው በለኛ!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን እውነታቸውን እኮ ነው፣ እዛ የመላ አገሩን ውጤት ወጥቶ የሚናገር አንድ ቦርድ የለም፣ እያንዳንዱ ስቴት ለየብቻው ቆጥሮ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚያጸድቀው፣ እስከዛ ህዝቡ አሸናፊውን የሚሰማው ከሚዲያ ነው። አሶሼትድ ፕሬስ በፈረንጅ ከ1848 ጀምሮ ይሄን ሲሰራ ኖሯል (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ይሳሳታሉም ደሞ፣ በ2000 ምርጫ ቴሌቪዥኖቹ የፍሎሪዳን ስቴት መጀመሪያ ለቡሽ ተፎካካሪ ለአል ጎር ሰጡ፣ መልሰው ነጠቁት፣ ለቡሽ ሰጡ፣ እሱንም ነጠቁት፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት!

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ባለቤቱ ቻናል የሚቀይረው የደንበኛውን ፊት እያየ ነው። ጠዋት ትራምፕን የሚወዱ ነጋዴዎች ስላሉ ፎክስ፣ ማታ ደሞ ትራምፕ "ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች" ካለባት ቀን ጀምሮ እሱን ማየት የማይፈልጉ ልጆች ሲሞሉት ሲኤንኤን። አንድ ቀን ኧረ አንዱ ላይ እርጋ ወንድሜ ብለው "ደንበኛዬ ተነስቶ ማዶ ካለው ካፌ ቢሄድ አንተ ትከፍለኛለህ?" አለኝ። ምን ልበለው። ፎክስም የደረሰበት ይሄው አይደል እንዴ፣ በ2020 አሪዞናን ባይደን ወሰደ ብሎ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲናገር የራሱ ተመልካች ተቆጥቶ ትራምፕን ወደሚደግፈው ሌላ ጣቢያ ወደ ኒውስማክስ መሄድ ጀመረ፣ ከዛ ምርጫው በድምፅ መቁጠሪያ ማሽን ተጭበርብሯል የሚሉትን ሰዎች እያመጣ ማቅረብ፣ ማሽኑን የሚሰራው ዶሚኒየን ከሰሰ፣ የውስጥ ሜሴጆቻቸው ሲወጡ አንዳንዶቹ አቅራቢዎች ራሳቸው ወሬውን አያምኑትም ነበር፣ በ2023 ሚያዝያ ላይ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ተገላገሉ። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው "ህግ የላቸውም?" አሉ። ከ1949 እስከ 1987 አከራካሪ ጉዳይ ላይ የሌላውንም ወገን ሀሳብ አቅርቡ የሚል ደንብ ነበራቸው፣ ያውም በአየር ለሚሰራጨው ጣቢያ ነው፣ እንደ ፎክስ ያለው የኬብል ቻናል ድሮም አይነካውም ነበር።

መብራት ሲሄድ ጄነሬተር አለ፣ ግን እስኪነሳ 10 ደቂቃ፣ ሁሌም ዋናው ነገር ላይ ነው የሚጠፋው ደሞ። በመስኮቱ በኩል አትቀመጡ፣ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ይመታል።

ጋሼ ድሮ ማታ ማታ ትንሿን ሬዲዮ ይዘው የአሜሪካ ድምፅ አማርኛን ነበር የሚሰሙት። በመጋቢት 2025 ትራምፕ የጣቢያውን መስሪያ ቤት የሚያሳንስ ትዕዛዝ ፈርሞ ሰራተኞቹን ቤታችሁ ተቀመጡ ሲሏቸው ጊዜ ሬዲዮዋ ኪሳቸው ውስጥ ቀረች። ከዛ ወዲህ ማታ ይመጡና ሲኤንኤንን እኔ ነኝ የምተረጉምላቸው፣ እሳቸው ደሞ ይጋብዙኛል፣ ስለዚህ እውነት ለመናገር ለማኪያቶው 50 ብር ከከፈልኩ ቆየሁ።