ፎርድ ፑማ፦ የፊየስታ ወራሽ በሁለት ሳምንት ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበችው ፎርድ ፊየስታ በጁላይ 2023 በኮሎኝ ፋብሪካ ምርቷ ሲቆም፣ ደንበኞቿን እንድትረከብ የታሰበችው ፑማ ሩማንያ ውስጥ በክራዮቫ ከተማ መመረት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። እዚህ ጀርመን ለዓመታት ፊየስታ ስነዳ ስለኖርኩ፣ ፑማን ለሁለት ሳምንት ተከራይቼ የሞከርኳት ቅር እያለኝ ነው።

ሁለቱ መኪኖች በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 1.0 ሊትር ሞተር በ48 ቮልት የኤሌክትሪክ ሥርዓት እየታገዘ 125 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በአውቶባን (በጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይም አያሳፍርም። የመኪናዋ ቁመት ቢጨምርም መሪዋ የፊየስታን ቅልጥፍና አልተወም፤ ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

ዋናው ልዩነት የሚታየው የኋላው በር ሲከፈት ነው። ፊየስታ 300 ሊትር ገደማ በምትይዝበት ቦታ ፑማ 456 ሊትር ትይዛለች፤ ከዚህም 80 ሊትሩ ከወለሉ ሥር ያለ ጥልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ሲሆን፣ ከታች የውሃ ማፍሰሻ ስላለው ጭቃ የነካው ጫማ ከተጫነበት በኋላ በውሃ ማጠብ ይቻላል። (እኔ የተዋስኩትን የኤሌክትሪክ ምጣድ አስተኝቼበት፣ ወንበር ሳላጥፍ ቤቴ አድርሻለሁ።) ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ግን የእግር ቦታው ያን ያህል አልሰፋም።

የመቀመጫውን ከፍታ እንደ ፋሽን ብቻ እቆጥረው ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴ ሳይጎነበሱ ገብተው ሳይደገፉ ሲወርዱና «ይህችስ ሳሎን እንደ መቀመጥ ናት» ሲሉ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ይህ ማለት መኪናዋ ኮረኮንች ትደፍራለች ማለት አይደለም፤ በጎማዎቹ ዙሪያ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ እንዲያ ቢያስመስላትም፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊት ጎማዎቿን ብቻ ነው። የጎን ስፋቷም 1.8 ሜትር ገደማ ስለሆነ በጠባብ የምድር ቤት ማቆሚያ ውስጥ ከፊየስታ ይልቅ ጥንቃቄ ትጠይቃለች።

ይበልጥ ያልወደድኩት በ2024 በታደሰው ሞዴል የሙቀትና የማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያዎቹ ተነሥተው ወደ 12 ኢንቹ ስክሪን መግባታቸው ነው፤ ሙቀቱን በትንሹ ለመቀየር እንኳ ዓይንን ከመንገዱ ማንሣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያገለገለች ፑማ የሚፈልግ ሰው ከእድሳቱ በፊት የተመረቱትን ቢያይ ይሻለዋል፤ መቆጣጠሪያዎቻቸው በእጅ የሚዳሰሱ ናቸው፣ ሣጥኑም አለ።