ቤይሩት ላይ ውል ሲያበቃ፦ ማደስ ወይስ መመለስ?

ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኝነት ውሏ ሊያበቃ ለተቃረበች እህታችን ሁለት መንገዶች አሉ። ብታድስ ለቤተሰቧ የምትልከው ገንዘብ አይቋረጥም። ነገር ግን በከፋላ (የአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኞችን አያቅፍም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የእስራኤል የቦምብ ድብደባ ሲበረታ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤት ቆልፈውባቸው፣ ሌሎቹም ጎዳና ላይ ጥለዋቸው ሸሹ። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ የተቆለፈባት ሴት ወዴት ትሂድ?

መመለስም ቀላል አይደለም፤ ቁጠባ ከሌለ ሥራ ፍለጋው ያንገላታል። ሆኖም ውሉ በወጉ ሲያበቃ የመመለሻ ትኬቱን መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ይህ ዕድል ሊያመልጥ አይገባም። እኔ መመለስን እመርጣለሁ። ለማደስ የቆረጠች ግን ከመፈረሟ በፊት ፓስፖርቷን ትረከብ፤ የቆንስላውንም ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋ ትያዝ።